የመንገድና የመጓጓዣ ሥልጣን በማን እጅ ይሁን?



በጋን ያቭኔም ሆነ በኪርያት ማልአኺ፣ በገዴራም ሆነ በያቭኔ አዲስ የገባ ቤተሰብ ገና ሻንጣውን ፈትቶ ሳይጨርስ ከሚያነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ የአውቶቡስ ጉዳይ ነው። አውቶቡሱ በሰፈራችን በኩል ለምን አያልፍም? ማታ ከፋብሪካ የሚወጣ ሰው በምን ወደ ቤቱ ይመለሳል? ልጇን መዋዕለ ሕፃናት አድርሳ ወደ ኡልፓን የምትሄድ እናት ሁለት አውቶቡስ መለዋወጥ ያለባት ለምንድን ነው? ጥያቄዎቹ ቀላል ይመስላሉ። መልሳቸውን ለማግኘት ግን አስቀድሞ መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ። ይኸውም መንገዱንና መጓጓዣውን የሚያዝዘው ማን ነው? ሊያዝዝስ የሚገባው ማን ነው? የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በመጣንበት አገር ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረ ጉዳይ ነው። ነገሥታት ከባዕዳን መንግሥታት ጋር ተጣልተውበታል፤ መሥሪያ ቤቶች በስሙ ተቋቁመው በስሙ ፈርሰዋል። በዚህ ጽሑፍ ያንን ታሪክ ባጭሩ እናያለን፤ ቀጥሎም አሁን ወደምንኖርበት አገር እንመጣለን። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልብ እንበል። በመጓጓዣ ላይ ሥልጣን ስንል አንድ ነገር ብቻ ማለታችን አይደለም። በውስጡ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ መስመሩን የሚያሰምረው ማን ነው? ሁለተኛ፣ ገንዘቡን የሚይዘው ማን ነው? ሦስተኛ፣ ሥራው ሲበላሽ የሚጠየቀው ማን ነው? የሚቀጥለው ታሪክ በሙሉ በእነዚህ በሦስቱ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው።

የባቡሩ ታሪክ

ኢትዮጵያ ውስጥ የዘመናዊ መጓጓዣ ነገር በሰፊው የተጀመረው በምድር ባቡር ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1894 ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከጅቡቲ ተነሥቶ በሐረር በኩል ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም እስከ ነጭ ዓባይ የሚደርስ ሐዲድ እንዲዘረጋ ፈቀዱለት። ፈረንሳዊው ነጋዴ ሊዮን ሼፍነም የሥራው ባልንጀራ ነበር። ኩባንያው ተቋቁሞ ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ።

ብዙም ሳይቆይ ኩባንያው ገንዘብ አጠረው። ስለዚህ ወደ ፈረንሳይ መንግሥት ዞረ። በ1902 መጀመሪያ ላይ በተደረገው ስምምነት የፈረንሳይ መንግሥት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለመስጠት ተስማማ፤ በምላሹም በኩባንያው ላይ የመቆጣጠር ሥልጣን አገኘ። ሐዲዱ የሚዘረጋው በኢትዮጵያ ምድር ላይ ሆኖ ሳለ ውሉ ሲፈረም ዐፄ ምኒልክ አልተማከሩም። ንጉሡ ነገሩን ሲሰሙ ተቆጡ። ገንዘብ የሰጠው የውጭ መንግሥት ነገ ሐዲዱን ተከትሎ መሬቱንም ሊጠይቅ እንደሚችል ገብቷቸው ነበር።

ባቡሩ በዚያው ዓመት መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሥራው ለብዙ ዓመታት ቆመ። የመጀመሪያው ኩባንያ በ1907 ከሰረ። በ1908 አዲስ ስምምነት ተደረገ፤ አዲስ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ኩባንያም ሥራውን ቀጠለ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ወደ 780 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መስመር ለመጨረስ ሃያ ዓመት ፈጀ ማለት ነው። ከሃያው ዓመት ጥቂት የማይባለው ያለፈው ድንጋይ በመፍለጥ ሳይሆን ማን ይዘዝ በሚል ክርክር ነው።

መስመሩን የሚያሰምር ሰው ምን ያህል ጉልበት እንዳለውም ከዚሁ ታሪክ ማየት ይቻላል። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ ለመውጣት ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። የጥንት የንግድ ከተማ የነበረችው ሐረር ከመስመሩ ውጪ ቀረች፤ ድሬዳዋ ግን በባቡሩ ምክንያት ተቆርቁራ ትልቅ ከተማ ሆነች። አንድ መስመር በወረቀት ላይ ሲሰመር አንዱን ከተማ ያነሣል፣ ሌላውን ያስቀራል።

ኢትዮጵያ የኩባንያው የግማሽ ድርሻ ባለቤት የሆነችውና ዋናው መሥሪያ ቤትም ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ የተዛወረው በ1959 በተደረገው ስምምነት ነው። ባቡሩ ከተማዋ ከገባ 42 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በቅርብ ጊዜም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ2018 የንግድ አገልግሎት የጀመረውን አዲሱን የአዲስ አበባና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያንቀሳቅሱት የነበሩት መስመሩን የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። ገንዘቡና ዕውቀቱ ከውጭ ሲመጣ መሪውም ለጊዜው ከውጭ ይመጣል።

በጠመንጃ የተሰመረ መንገድ

ከባቡሩ ቀጥሎ የሚነሣው የመኪና መንገድ ነው። ኢጣልያ ኢትዮጵያን ከ1936 እስከ 1941 በያዘችበት ጊዜ በጥቂት ዓመት ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር መንገድ ሠርታለች። ከሰሜን የመጡ ሽማግሌዎቻችን የሊማሊሞን መንገድ ያውቁታል። ከአሥመራ ወደ ጎንደር የሚወስደው ጎዳና በገደሉ ላይ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ወደ ደባርቅ ይወጣል። በመሐንዲስነት ዓይን ካየነው ዛሬም የሚያስደንቅ ሥራ ነው።

ነገር ግን ያን መስመር ያሰመረው ማን ነው? ጦር ሠራዊት ነው። ለምን? ወታደሩን፣ መድፉንና ስንቁን በፍጥነት ለማድረስ ነው። የገበሬው ገበያ፣ የሕመምተኛው ሐኪም ቤት፣ የልጁ ትምህርት ቤት በዕቅዱ ውስጥ አልነበሩም። ስለዚህ በሰሜን፣ በወገራና በደምቢያ ከነበሩት የቤተ እስራኤል መንደሮች ብዙዎቹ፣ እንደ ጎረቤቶቻቸው የክርስቲያንና የእስላም መንደሮች ሁሉ፣ ከጎዳናው ርቀው ቀሩ። ሸክላና ማረሻ ይዞ ወደ ገበያ የሚወርደው ሰው በእግሩ፣ ጭነቱም በአህያ ነበር። ጎዳናው ባጠገቡ ሲያልፍ እንኳ ለእርሱ ተብሎ የተሠራ አልነበረም።

አውራ ጎዳና ሲቋቋም

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ የኢጣልያ መንገዶች ጠጋኝ አጥተው እየፈረሱ ሄዱ። የዓለም ባንክ በ1950 ለኢትዮጵያ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ። በዚያው ጊዜ ለልማት ባንክ ከተሰጠው 2 ሚሊዮን ጋር፣ ይህ ባንኩ በአፍሪካ የሰጠው የመጀመሪያ ብድር ነው። ብድሩ ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረው። መንገዱን የሚይዝ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት እንዲቋቋም ተጠየቀ። በዚህ መሠረት በ1951 በአዋጅ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን ተቋቋመ። ሕዝቡ ባጭሩ «አውራ ጎዳና» ይለው የነበረው መሥሪያ ቤት ይህ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መሥሪያ ቤቱን የመሩትና ዋና ዋናዎቹን የመሐንዲስነት ቦታዎች የያዙት ከአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ የመጡ ሰዎች ናቸው። ይህ ቢሮ በገዛ አገሩም ተመሳሳይ ሥራ ሠርቷል። የአሜሪካ መንግሥት በ1916 ባወጣው ሕግ ለመንገድ ሥራ ከማዕከላዊው ግምጃ ቤት ገንዘብ የሚፈልግ ክፍለ ግዛት ሁሉ በመጀመሪያ የራሱን የመንገድ መሥሪያ ቤት እንዲያቋቁም አዝዞ ነበር። ሐሳቡ ግልጽ ነው። የመንገድ ገንዘብ በፖለቲከኛ ኪስ ውስጥ እንዳይገባና ለወዳጅ ዘመድ መንደር ብቻ እንዳይውል፣ ሥራው በባለሙያ እጅ ይሁን ማለት ነው።

በአሜሪካ ይህ ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። በብዙዎቹ ክፍለ ግዛቶች የመጓጓዣ መሥሪያ ቤቱን ኃላፊ የሚሾመው የክፍለ ግዛቱ ገዢ ነው። በሚሲሲፒ ግን መሥሪያ ቤቱን የሚቆጣጠሩትን 3 ኮሚሽነሮች በቀጥታ የሚመርጠው ሕዝቡ ነው። አንዱ ወገን «ሕዝብ ከመረጠው በሕዝብ ይጠየቃል» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «የተመረጠ ሰው የመረጠውን ሰፈር ብቻ ያያል» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ፣ አውራ ጎዳና በጎ ሥራ ሠርቷል። የፈረሱትን መንገዶች ጠግኗል፤ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶችና የመንገድ ባለሙያዎች አሠልጥኖ ሥራው በአገር ልጅ እጅ እንዲገባ አድርጓል። ነገር ግን ዕዳ መከፈል ስላለበት ቡና የሚመረትበትን አገር ከአዲስ አበባና ከወደብ ጋር የሚያገናኙት አውራ መንገዶች ቅድሚያ አገኙ። ገጠሩ ተራውን ሲጠብቅ ኖረ። ባለሙያው ብቻውን ሲያዝዝ ሥራው ጥራት ያገኛል፤ የመንደሩ ድምፅ ግን ከቢሮው አይደርስም።

ደርግና ከደርግ በኋላ

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ጉዳዩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ። መንግሥት የመንገዱ ብቻ ሳይሆን የመኪናውም አዛዥ ሆነ። ትልልቅ የመጓጓዣ ድርጅቶች ተወረሱ። የግል የጭነት መኪና ያለውም ሰው በቀጠና ተመድቦ፣ ተራውን ጠብቆ፣ በተቆረጠለት ታሪፍ ወደ ታዘዘበት ቦታ እንዲጭን ተደረገ። የዚህ አሠራር ዓላማ ማጓጓዣ በሌለበት አገር ጭነት ሁሉ እንዲደርስ ነበር። ነገር ግን ባለ መኪናው በገዛ ንብረቱ ላይ ድምፅ ሲያጣ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ጠፋ፤ ያለውም አረጀ። በ1992 የሽግግሩ መንግሥት የቀጠናውን አሠራር አስቀረ።

ከዚያ በኋላ የመጣው አሠራር ሥልጣኑን የከፋፈለ ነው። ዋና ዋናዎቹ መንገዶች በማዕከላዊው መንግሥት በመንገዶች ባለ ሥልጣን እጅ ቀሩ፤ የገጠር መንገዶች ለክልሎች ተሰጡ። በ1997 ደግሞ የመንገድ ፈንድ ተቋቋመ። ይህ ፈንድ ከነዳጅ ሽያጭ ላይ ለመንገድ ጥገና የሚውል ገንዘብ ይሰበስባል። በመንገዱ የሚጠቀመው ሰው ለመንገዱ ይክፈል፣ የከፈለውም ለሌላ ጉዳይ አይውሰድበት ማለት ነው። በዚያ ዓመት አገሪቱ የነበራት መንገድ ወደ 26,500 ኪሎ ሜትር ይሆን ነበር፤ በ2015 በወረዳና በቀበሌ የተሠሩትን ጨምሮ ከ100,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። ዕድገቱ የመጣው በብዙ ምክንያት ነው፤ ገንዘቡ ብዙ ነበር፣ ብድሩም እንዲሁ። ሆኖም የወረዳው ሰው የራሱን መንገድ ራሱ እንዲሠራ መደረጉ ለቁጥሩ መብዛት ብዙ ረድቷል።

ወደዚህ አገር ስንመጣ

አሁን ወደምንኖርበት ምድር እንለፍ። እዚህም ታሪኩ የሚጀምረው በባቡር ነው፤ ከኢትዮጵያው ጋር መመሳሰሉም የሚገርም ነው። ከያፎ ወደ ኢየሩሳሌም የሚወስደውን ሐዲድ ለመዘርጋት የቱርክ መንግሥት በ1888 ለኢየሩሳሌሙ አይሁዳዊ ለዮሴፍ ናቮን ፈቃድ ሰጠ። ናቮን ገንዘብ ፍለጋ ወደ አውሮፓ ሄደ፤ በመጨረሻም ፈቃዱን የፈረንሳይ ኩባንያ ያዘው። ባቡሩ በ1892 ሥራ ጀመረ። የሐዲዱ ስፋት እንደ ጅቡቲው ሁሉ 1 ሜትር ነበር።

ቀጥሎ እንግሊዞች መጡ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሠራዊታቸውን ለመቀለብ ከግብፅ ተነሥተው በጋዛ በኩል ወደ ሎድ ሐዲድ ዘረጉ። ያ መስመር በያቭኔ በኩል ያልፍ ነበር። እንደ ሊማሊሞ መንገድ፣ ይህንንም ያሰመረው የጦር አዛዥ ነው። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ በዚያው መስመር ላይ የያቭኔ ምሥራቅ ጣቢያ ተከፈተ፤ ዛሬ ተማሪና ሠራተኛ ይሳፈርበታል። ለጦር የተሠራ መስመርም ባለቤቱ ሲለወጥ ለሕዝብ ሊውል ይችላል። የኪርያት ማልአኺ ዮአቭ ጣቢያም በ2018 ተከፍቷል።

የመኪና መንገዱ ነገር ደግሞ ከአዲስ ገቢዎች ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኪርያት ማልአኺ ማዓባራ፣ ማለት የድንኳንና የቆርቆሮ ሰፈር ነበረች። በዚያን ጊዜ ከብዙ አገሮች የገቡት ኦሊም ሥራ ሲያጡ መንግሥት መንገድ በመሥራትና ዛፍ በመትከል ይቀጥራቸው ነበር። ከእንግሊዞች የተወረሰው ማዓጽ የተባለው የመንግሥት የሥራ መምሪያ ከእነዚህ ቀጣሪዎች አንዱ ነው። ብዙ አዲስ ገቢ አባት በዶማ የሠራውን መንገድ ልጆቹ ሄደውበታል፤ መንገዱ በየት ይለፍ ሲባል ግን አስተያየቱን የጠየቀው አልነበረም። ማዓጽ ከ2000ዎቹ ጀምሮ የመንግሥት ኩባንያ ሆኖ ዛሬ ነቲቬ ይስራኤል ይባላል።

የአውቶቡሱ ታሪክ ደግሞ ለየት ያለ ነው። ኤገድ በ1933፣ ዳን በ1945 የተቋቋሙት እንደ ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ሾፌሮቹ ራሳቸው የድርጅቱ ባለቤቶች ነበሩ። ለብዙ ዓመታትም አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር ያገናኙት እነርሱ ናቸው። ሠራተኛው ባለቤት ሲሆን መልካም ነገር አለው፤ ሥራውን እንደ ራሱ ቤት ይጠብቃል። ይሁን እንጂ ሁለት ትልልቅ ማኅበራት ገበያውን ሲይዙት ተሳፋሪው ሌላ ምርጫ አጣ። ስለዚህ ከ2000 አካባቢ ጀምሮ መንግሥት መስመሮቹን በጨረታ ለተለያዩ ኩባንያዎች መስጠት ጀመረ።

ዛሬ በእስራኤል መጓጓዣ በአብዛኛው የሚታዘዘው ከኢየሩሳሌም ነው። መስመሩን፣ ሰዓቱንና ታሪፉን የሚወስነው የትራንስፖርት ሚኒስቴር (ምስራድ ሃታሕቡራ) ነው። ድጎማው የሚመጣው ከገንዘብ ሚኒስቴር ነው። አውቶቡሱን የሚነዳው ጨረታ ያሸነፈው ኩባንያ ነው። የአካባቢው አስተዳደር፣ ዒሪያም ሆነ ሞዓጻ፣ የራሱን አውቶቡስ መስመር በታሪፍ ለማስኬድ የሚኒስቴሩን ፈቃድ ይፈልጋል። በ2019 ቴል አቪቭና ጥቂት ጎረቤቶቿ በሰንበት የሚሄዱ አውቶቡሶችን ሲጀምሩ በነጻ ያደረጉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ገንዘብ ቢቀበሉ ኖሮ ፈቃድ ያስፈልጋቸው ነበር። በሰንበት ጉዞ ጉዳይ አንባብያን የተለያየ አቋም እንዳላችሁ እናውቃለን፤ እዚህ ያነሣነው የሥልጣን ወሰን የት እንደሆነ ለማሳየት ብቻ ነው።

ታዲያ በማን እጅ ይሁን?

ካየነው ታሪክ አንድ ትምህርት ይወጣል። የውጭ ባለ ገንዘብ ብቻውን ሲያዝዝ የአገሩ ባለቤት ተረሳ። ጦር ሲያዝዝ ገበሬው ተረሳ። ባለሙያ ብቻውን ሲያዝዝ የሩቁ መንደር ተረሳ። መንግሥት ሁሉን ጠቅልሎ ሲይዝ ሥራው ደከመ። የሾፌሮች ማኅበር ሲይዘውም ተሳፋሪው ምርጫ አጣ። እያንዳንዱ የሚያውቀውን ያህል በጎ ሠርቷል፤ ያላየውን ግን ዘሎታል።

አንዳንዶች «ሁሉም ለአካባቢው አስተዳደር ይሰጥ» ይላሉ። ሐሳቡ ደስ ያሰኛል፤ ሰፈሩን ከሰፈሩ ሰው በላይ የሚያውቅ የለምና። ነገር ግን አስቡት። ቴል አቪቭ ሀብታም ከተማ ናት፤ ከራሷ ግምጃ ቤት አውቶቡስ ልታሠማራ ትችላለች። ገቢው አነስተኛ የሆነ ከተማስ? ገንዘቡ ሁሉ ከየአካባቢው ኪስ ይውጣ ቢባል ሀብታሙ ከተማ በየአሥር ደቂቃው፣ ድሃው ከተማ በየሰዓቱ አውቶቡስ ይኖረዋል። ይህ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚጎዳው መኪና ለመግዛት ገና አቅም የሌለውን አዲስ ገቢ ነው።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት የሚሻለው ሦስቱን ሥልጣናት ለይቶ ማየት ነው። ገንዘቡ በማዕከላዊው መንግሥት እጅ ይሁን፤ ሀብታሙም ድሃውም በእኩል ያገኝ ዘንድ። ዕቅዱን ባለሙያ ይሥራ፤ ነገር ግን መስመሩ ከመሰመሩ በፊት የአካባቢው አስተዳደርና ተሳፋሪው ራሱ ከጠረጴዛው ዙሪያ ይቀመጡ። ሥራው ሲበላሽም ተጠያቂው አንድ ይሁን። ዛሬ ካሉት ጉድለቶች ትልቁ ይህ የመጨረሻው ይመስለናል። ኩባንያው ወደ ሚኒስቴሩ፣ ሚኒስቴሩ ወደ ጨረታው ውል፣ አስተዳደሩ ደግሞ ወደ ሁለቱ ሲጠቁም አዲስ ገቢው በመካከል ቆሞ ይቀራል።

አሠራሩ እስኪሻሻል ድረስ ግን የትኛውን በር እንደምናንኳኳ ማወቅ ይጠቅማል። አውቶቡሱ ከቀረ፣ ከዘገየ ወይም ሾፌሩ ጣቢያ ላይ ሳይቆም ካለፈ አቤቱታው የሚቀርበው ለኩባንያውና ለሚኒስቴሩ ነው። መስመር እንዲጨመር ወይም ሰዓቱ እንዲለወጥ የሚጠየቀው ሚኒስቴሩ ነው። የመጠለያው ጣሪያ፣ የእግረኛው መንገድና የሰፈሩ መብራት የአካባቢው አስተዳደር ሥራ ነው። እንደ 40 ቁጥር ያለው ከከተማ ከተማ የሚወስድ መንገድ በነቲቬ ይስራኤል እጅ ነው። ባቡሩ ደግሞ ከ2003 ጀምሮ ራሱን የቻለ የመንግሥት ኩባንያ በሆነው በራኬቬት ይስራኤል ይመራል።

አቤቱታ ስትጽፉ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የመስመሩን ቁጥርና በምልክቱ ላይ የተጻፈውን የጣቢያ ቁጥር አትርሱ። የጻፋችሁትን ደብዳቤ ቅጂ አስቀሩ። ዕብራይስጡ ገና ያልለመደላችሁ ወላጆች ልጆቻችሁን አስጽፉ፤ ልጆችም የዚህን ጋዜጣ የዕብራይስጥ ገጽ ካነበባችሁ በኋላ ለአባትና ለእናታችሁ ተርጉሙላቸው። አንድ ሰው ብቻውን ከሚጽፍ ደግሞ በአንድ ጣቢያ የሚሳፈሩ አሥር ቤተሰቦች አብረው ቢፈርሙ ደብዳቤው ክብደት ያገኛል። በወላጆች ኮሚቴና በአስተዳደሩ ስብሰባ ላይም መገኘት ከባድ አይደለም።

በቀድሞ አገራችን ደጅ መጥናት የተለመደ ነበር፤ ሰው ከጌታው ደጅ ቆሞ ምሕረት ይለምን ነበር። እዚህ ግን አውቶቡሱ የሚሄደው በምንከፍለው ግብርና በራቭ ካቭ ካርዳችን በምንሞላው ሂሳብ ስለሆነ የምንጠይቀው ምሕረት አይደለም። አባቶቻችን «ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» ይላሉ። የመንገዱ ባለቤት መሆናችንን ካወቅን ጩኸቱን ለሌላ ሰው መተው አይገባንም።

ቸር ይግጠመን።